እኩል ጀምረው የኔ ልጅ ለምን ቀረች?

ጥያቄ

ውድ አማካሪ፣ እንደምን አሉ?

የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ጂምናስቲክ የጀመረችው አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ነው። ከእህቴ ልጅ ጋር በአንድ ቀን ነው ያስመዘገብናቸው። የእህቴ ልጅ በስምንት ወር ትበልጣታለች። መጀመሪያ ላይ እኩል ነበሩ። አሁን ግን የእህቴ ልጅ ወደ ቀጣዩ ቡድን አልፋለች። የኔዋ ከሷ ከሚያንሱ ልጆች ጋር እዚያው ቀርታለች።

የሚያስቸግራት ወደ ኋላ መሄድ ነው። ወደ ፊት ትንከባለላለች። በእጇ ተሽከርክራ ወደ ጎን ትገለበጣለች። ወደ ኋላ ሲባል ግን ድርቅ ትላለች። አሰልጣኟ «ጊዜ ስጧት፣ ትደርሳለች» ይሉኛል። ስድስት ወር ሙሉ የምሰማው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ራሴ ላሠራት ጀመርኩ፤ ቪዲዮ እያየሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት እግሯን ከፍታ ስትቀመጥ መሬት ለመንካት ትንሽ ቀራት። ትከሻዋን ይዤ ጫን አደረግኳት። ጮኸች፣ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ የልምምድ ቀን ሲደርስ «ሆዴን አመመኝ» ትላለች። ልምምድ በሌለበት ቀን ደህና ናት።

ባለቤቴ «ተያት፣ አስወጫት» ይለኛል። እህቴ ደግሞ የልጇን ቪዲዮ በየቀኑ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ትለቃለች። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ባየሁት ቁጥር ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይቆማል። ሮማኒያዊቷ ጂምናስት ናዲያ ኮማኔች በ14 ዓመቷ ነው ዓለምን ያስደነቀችው ሲባል እሰማለሁ። የኔ ልጅ በሰባት ዓመቷ ካልያዘች መቼ ልትደርስ ነው? አሰልጣኝ ልቀይርላት? ላስወጣት? ወይስ ጠበቅ ላድርግባት?

የጨነቃት እናት

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ትከሻዋ የጻፍሽው ላይ ስደርስ ሁሌ ቆም እላለሁ። ያንን ሳትነግሪኝ ማለፍ ትችይ ነበር። ማንም አላየሽም። ግን ነገርሽኝ። ከዚያች ማታ ወዲህ ልብሽ ውስጥ ሲመላለስ እንደከረመ ገባኝ። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

ልጅን ተጭኖ እግር ማስከፈት ብዙ ቦታ ሲደረግ የኖረ ነገር ነው። ባየሻቸው ቪዲዮዎች ላይም ሳይኖር አይቀርም። ግን ጉዳት አለው። ጡንቻ በድንገት ሲለጠጥ ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል። በዚያ ላይ ክብደት ሲጨመርበት ሊቀደድ ይችላል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ጡንቻው ከአጥንት ጋር የሚያያዝበት ቦታ ገና አልጠነከረም። መተጣጠፍ የሚመጣው ሰውነት ከሞቀ በኋላ ነው፤ ልጅቷ ራሷ በምትቆጣጠረው መጠን፣ ቀስ እያለ። ለማንኛውም ብሽሽቷን ወይም ከጭኗ ጀርባ እንዳያማት ጠይቂያት። ስትሮጥ ወይም ደረጃ ስትወጣ የምታነክስ ከሆነ ሐኪም ይያት።

ከዚያ ይቅርታ ጠይቂያት። እስካሁን ጠይቀሻት ከሆነም አንዴ ድገሚው። አጭር ይሁን። «ያን ዕለት ትከሻሽን ስጫን አሳመምኩሽ። እንደዚያ ማድረግ አልነበረብኝም። ሁለተኛ አላደርገውም።» በቃ። «ለአንቺው ብዬ እኮ ነው» የምትለዋን ተያት። እሷ ከተጨመረች ልጅቷ ይቅርታውን ትታ አንቺን ለማጽናናት ትሞክራለች። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ያ ሸክም ይከብዳታል።

አሁን ወደ ሆዷ እንምጣ። ልምምድ በሌለበት ቀን ደህና ናት ብለሽ የጻፍሽው፣ ሰበብ ይሆን እንዴ ብለሽ ትንሽ ጠርጥረሽ ይመስለኛል። ሕመሙ ግን እውነት ነው። የጨነቀው ልጅ ሆዱን ይቆርጠዋል። «ተጨንቄያለሁ» ብሎ ለመናገር ቃሉ ገና አፉ ላይ አልመጣለትም። ያለው ቃል «ሆዴን» ነው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት ከሆነ፣ ትውከት ወይም ትኩሳት ካለው፣ ወይም ክብደቷን እያስቀነሰ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነውና ወደ ሐኪም ውሰጃት። አንቺ የጻፍሽልኝ ግን ያንን አይመስልም።

እስኪ ቀኑን አብረን እንቁጠር። ልጅሽ ወደ ኋላ መሄድ የፈራችው ከስድስት ወር በፊት ነው። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው አሰልጣኝ ፊት። ያን ሁሉ ጊዜ ሆዷን አላመማትም። ያመማት ከዚያች ማታ በኋላ ነው። ታዲያ የምትፈራው አዳራሹን ይሆን? ወይስ ስትመለስ «ዛሬስ ቻልሽ?» መባሉን? መልሱን እኔ አላውቀውም። እሷ ግን ታውቀዋለች፤ ከተመቻት ትነግርሻለች።

ስትጠይቂያት ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አይሁን። መንገድ ላይ ስትሄዱ፣ ወይም ጸጉሯን ስታበጥሪላት፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ጠይቂያት። «እዚያ ከምትሠሩት ነገር የትኛው ደስ ይልሻል? የትኛውስ ባይኖር ትመርጫለሽ?» ከዚያ ዝም በይ። የምትመልሰው ቢያስደነግጥሽም ለማረም አትቸኩይ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ጂምናስቲክ በዓለም ደረጃ በሕፃናት ላይ የደረሰ ከባድ በደል የተጋለጠበት ስፖርት ነው። ያንቺ ልጅ ላይ ምንም አልደረሰ ይሆናል፤ ደብዳቤሽም እንዲያ አያሳይም። ቢሆንም በለሰለሰ ድምፅ አንዴ ጠይቂያት። «እዚያ ያስፈራሽ፣ ያሳፈረሽ ወይም ያሳመመሽ ሰው አለ?» አሰልጣኝ ልጅ እንዳትወድቅ ሲደግፍ ወገብና ጀርባ መያዙ አይቀርም። ያንን ካልተገባ ንክኪ እንድትለየው አስረጃት። ወላጅ ገብቶ ልምምድ እንዳያይ የሚከለክል ቦታ ከሆነ እኔ ልጄን እዚያ አልተውም።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልመለስ። ወደ ኋላ ለምን ያቅታታል?

ወደ ፊት ስትንከባለል የምታርፍበትን ቦታ አይታ ነው የምትሄደው። ወደ ኋላ ሲሆን አታየውም። ሰውነቷ በአየር ላይ ሲገለበጥ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮዋ አንድ ነገር ይላል፣ ዓይኗ ሌላ ነገር ያያል። አእምሮዋ ሁለቱን ማስታረቅ ገና ስላልለመደ «ቁሚ!» ይላታል። እሷም ትደርቃለች። ያ መድረቅ ይጠብቃታል።

የክንድ ነገርም አለ። ወደ ኋላ ተወርውራ በእጇ ስታርፍ የመላ ሰውነቷን ክብደት የሚቀበሉት አንጓዋና ትከሻዋ ናቸው። ክንዷ ካልጠነከረ እጥፍ ይላል። እጥፍ ካለ የምታርፈው በጭንቅላቷ ወይም በአንገቷ ነው። ጥሩ አሰልጣኝ ወደዚያ የሚደርሰው በብዙ ትንንሽ ደረጃ ነው። መጀመሪያ ተዳፋት በሆነ ፍራሽ ላይ ወደ ኋላ መንከባለል። ከዚያ ጀርባ ላይ ተኝቶ በእጅና በእግር ብቻ መነሳት፣ እንደ ድልድይ። ግድግዳ ተደግፎ በእጅ መቆም። ከዚያም አሰልጣኙ ወገቧን ደግፎ፣ ቀስ ብሎ። አንዷ ልጅ ይህን ሁሉ በሦስት ወር ትጨርሳለች። ሌላዋ ዓመት ይፈጅባታል። ዓመት የፈጀባት አንዳንዴ ይበልጥ በትክክል ትሠራዋለች፤ ምክንያቱም የዘለለችው ነገር የለም። አሰልጣኟ ወደ ቀጣዩ ቡድን አለማሳለፋቸውን አንቺ እንደ ውድቀት አይተሽዋል። እኔ ጥንቃቄ ሆኖ ይታየኛል።

ሳሎን ውስጥ ግን ተዳፋት ፍራሽ የለም። የሚደግፋት የሠለጠነ እጅም የለም። ስለዚህ የቤቱ ስልጠና ዛሬ ያብቃ። ራሷ ተነስታ ምንጣፍ ላይ ብትንከባለል ግን ተያት፤ ያ ጨዋታ ነው።

ድካሟንም አስቢው። ልጆችን የሚከታተሉ የስፖርት ሐኪሞች ሁለት ነገር ይመክራሉ። የሳምንቱ የስልጠና ሰዓት ከልጁ ዕድሜ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ከሰባት ሰዓት ባይበልጥባት ማለት ነው። ሁለተኛው፣ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ማረፍ አለባት። እስኪ ሳሎን ያሠራሻትን ማታዎች ከአዳራሹ ሰዓት ጋር ደምሪያቸው። ያረፈችበት ቀን ነበር? በልጅ አጥንት ጫፍ ላይ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ። እሱ ደግሞ ከአዋቂ አጥንት ይልቅ በቀላሉ ይጎዳል። በጂምናስቲክ ልጆች ላይ በተለይ የእጅ አንጓ ሕመም በብዛት ይታያል። አንጓዬን፣ ተረከዜን ወይም ጉልበቴን አመመኝ ካለች «ቻይው» አትበያት። ትረፍ። ካልተወላት ሐኪም ይያት።

ስለ ናዲያ ኮማኔች የሰማሽው ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ሙሉ 10 ነጥብ ስታገኝ 14 ዓመቷ ነበር። የውጤት ሰሌዳው 10.00 እንዲያሳይ ስላልተሠራ 1.00 ብሎ ነበር የጻፈው። ግን በዛሬው ደንብ ያቺ ናዲያ ኦሎምፒክ አትገባም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በትልልቆቹ ውድድሮች የምትሳተፍ ሴት በዚያው ዓመት 16 ዓመት የሚሞላት መሆን አለባት። የዕድሜው ወለል ከፍ ያለው ሰው ልጆቹ ላይ የሚደርሰውን ጫና አይቶ ነው። የኡዝቤኪስታኗ ኦክሳና ቹሶቪቲና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ላይ ስትወዳደር 46 ዓመቷ ነበር። ስምንተኛ ኦሎምፒኳ ነው። በሰባት ዓመት የሚዘጋ በር የለም፣ እህቴ።

ስለ ፍርሃትም አሜሪካዊቷን ጂምናስት ሲሞን ባይልስን አስቢያት። በዚያው በቶኪዮ፣ አየር ላይ ስትገለበጥ ሰውነቷ የት እንዳለ መለየት አቃታት። የዓለም ምርጧ ነበረች፤ ሜዳሊያ ይጠብቃት ነበር። ግን አቆመች። ከብዙዎቹ ውድድሮቿ ራሷን አገለለች። ከሦስት ዓመት በኋላ በፓሪስ፣ በ27 ዓመቷ ተመልሳ ሦስት ወርቅ ወሰደች። እሷን «ጠበቅ ማድረግ» ይጠቅማት ነበር ትያለሽ?

እንዲህ እያልኩ የኦሎምፒክ ወሬ አበዛሁ። ግን እኔ እንደተረዳሁት ያንቺ ጭንቀት ኦሎምፒክ አይደለም። ደብዳቤሽ ውስጥ «ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይቆማል» ያልሽው ላይ ነው ያለው።

ስምንት ወር ለኔና ለአንቺ ምንም አይደለም። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ከኖረችው ዕድሜ አንድ አሥረኛው ገደማ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላውን ሰው ከሦስት ዓመት በላይ ከሚበልጠው ጋር እንደማወዳደር ማለት ነው። የእህትሽ ልጅ ያን ያህል ጊዜ ቀድማ ሮጣለች፣ ዘላለች፣ ወድቃ ተነስታለች። እኩል ተመዘገቡ እንጂ እኩል አልጀመሩም። ስምንቱ ወር ባይኖር እንኳ፣ አንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ልጆች በጥንካሬም በድፍረትም ይለያያሉ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ለኔ መመለስ የለብሽም። አንቺና እህትሽ ልጆች ሳላችሁ ማን ነበር የሚያወዳድራችሁ? ብዙውን ጊዜ ማን ነበር የሚያሸንፈው? የዚያን ጊዜው ነገር አሁን በልጆቹ በኩል እየቀጠለ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ከሆነ ደግሞ ልጅሽ ያላወቀችውን ውድድር እየተወዳደረች ነው። ማሸነፍም አትችልም።

የግሩፑን ማሳወቂያ ለጊዜው ዝጊው። ይህን ማድረግ ቅናት አይደለም፤ ቁስል እስኪሽር ከመነካካት ማረፍ ነው። እህትሽንም አንድ ቀን ለብቻዋ አግኚያት። «ልጅሽ በጣም ታኮራለች። ግን ሁለቱን ፊት ለፊታቸው እንዳናወዳድራቸው እርጂኝ፤ የኔዋ እየከበዳት ነው» በያት። ምናልባት እሷ ሳታስበው ያደረገችው ይሆናል። ባትቀበልሽም እንኳ አንቺ ልጅሽ በምትሰማበት ማወዳደርሽን ማቆም ትችያለሽ።

አሁን ሦስቱ አማራጮችሽ። ጠበቅ ማድረጉን እርሺው፤ ሞክረሽው አይተሽዋል። አሰልጣኝ መቀየሩንም አሁን አልደግፈውም። እስከነገርሽኝ ድረስ አሰልጣኟ ትክክል ናቸው። «ጊዜ ስጧት» ብቻ ግን ለአንዲት የጨነቃት እናት መልስ አይሆንም፤ እዚህ ላይ ያንቺ ቅሬታ ይገባኛል። ልጆቹ በሌሉበት ሰዓት አግኚያቸውና ጠይቂያቸው። አሁን የምትሠራው የትኛውን ደረጃ ነው? ስትደርቅ ምን ያደርጉላታል? ከሷ በሚያንሱ ልጆች መካከል መሆኗ ያሳፍራት ይመስልዎታል? ስለ ሳሎኑ ማታዎችና ስለ ሆዷም ንገሪያቸው። ይከብድሻል፤ ግን ካላወቁ ሊረዷት አይችሉም። በትዕግሥት ከመለሱልሽ እዚያው ትቆይ። ከተናደዱ ወይም ልጅቷን ካንቋሸሹ፣ ያኔ ሌላ ቦታ ብትፈልጊ አልቃወምሽም።

የባለቤትሽ «ተያት» ግማሹ ልክ ነው። ጫናውን ተይው ማለቱ ከሆነ እስማማለሁ። ዛሬውኑ ማስወጣቱ ግን ፈጠነብኝ። አሁን ከወጣች፣ ሳትችል ቀርታ የተባረረች ሊመስላት ይችላል። ሦስት ሳምንት ስጡት። በእነዚህ ሳምንታት የቤት ስልጠና የለም፣ «ቻልሽ?» የለም፣ የአክስቷ ልጅ ስም አይነሳም። ከልምምድ ስትወጣ እቀፊያት፣ ስለ ሌላ ነገር አውሩ። ራሷ ካነሳችው ስሚያት። ሆዷ ከተወላት መልስሽን አገኘሽ። ካልተወላት ለአንድ ወር ታርፍ፤ ለአሰልጣኟም ንገሪያቸው። ከወሩ በኋላ መመለስ ወይም መተው የሷ ምርጫ ይሁን። እተወዋለሁ ካለች «ይህን ያህል ጊዜ ከለፋሽ በኋላ?» እንዳትያት። ዋና ትሞክር፣ ውዝዋዜ ትሞክር፣ ወይም ለተወሰነ ጊዜ ዝም ብላ ትጫወት። ሰውነቷ የለመደው ሚዛንና ጥንካሬ አብሯት ይሄዳል።

የሚቀጥለው የልምምድ ቀን ጠዋት «ሆዴን» ማለቷ አይቀርም። ያኔ አትከራከሪያት፣ አታባብያትም። «እሺ፣ አሞሻል። አብረን እንሂድና ዳር ላይ ቁጭ ብለን እንያቸው። መግባት ካማረሽ ትገቢያለሽ። ካላማረሽ አብረን እንመለሳለን» በያት። ካልገባች በእውነት አብራችሁ ተመለሱ። መንገድ ላይ ፊትሽ አይጨማደድ። ታየዋለች።

ከወር በኋላ ጻፊልኝ። ሆዷ እንዴት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።